የሚተነፍሰው ቀጭን ቱቦ

የግላይደር አብራሪ ሞተር ስለሌለው ከፍታ የሚያገኘው ወደ ላይ ከሚወጣ አየር ነው፤ መውጣቱን የሚነግረው ደግሞ ቫሪዮሜትር ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ 0.45 ሊትር ከሚይዝ፣ ፔርሙዝ ከሚመስል ዕቃ ጋር በቱቦ ይያያዛል። አውሮፕላኑ ሲወጣ የውጭው ግፊት ይቀንሳል፣ ከዕቃው ውስጥ አየር ይወጣል፣ ጠቋሚውም ያንን ፍሰት ይለካል። ባሕር ወለል አጠገብ የ1 ሜትር ከፍታ ልዩነት 12 ፓስካል ያህል ነው። ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜትር የሚወጣ ግላይደር ከዕቃው የሚያስወጣው አየር በሰከንድ 0.05 ሴንቲ ሜትር ኩብ አካባቢ ብቻ ነው። ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይህን ያህል የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ጭራው ላይ ከተተከለው የቶታል ኢነርጂ ዘንግ የሚመጣው ቱቦ ሲተነፍስ ነገሩ ይከፋል። የዘንጉ ሥራ አብራሪው መሪውን ስቦ ፍጥነትን ወደ ከፍታ ሲለውጥ ቫሪዮሜትሩ እንዳይታለል ማድረግ ነው። መስመሩ ካፈሰሰ ግን መሪው በተሳበ ቁጥር ጠቋሚው የሌለ ሽቅብ አየር ያሳያል፤ አብራሪውም ባዶ ሰማይ ላይ እየዞረ ከፍታውን ይጨርሳል። ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት የሚቀበለው የፒቶ መስመር ሲያፈስ ደግሞ ፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው አሳንሶ ያነባል። አብራሪው ቀርፋፋ የሆነ መስሎት አፍንጫውን ሲደፋ ከተፈቀደው ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይደርቃል፣ ጫፉ ይሰፋል፣ የሚሰካበትን አፍ፣ ማለትም ያዡን፣ ጥብቅ አድርጎ አይጨብጥም። በእጅ ባለ ነገር ማሰር ይቻላል፤ ግን በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የፒቶ ግፊት 470 ፓስካል ገደማ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። እንዲህ ላለ ግፊት ጉልበት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዙሪያውን እኩል መጭመቅ ነው። በካቻቪቴ የሚጠብቀው የመኪና ቱቦ ማሰሪያ እንዲህ ባለ ቀጭን ቱቦ ላይ ክብ ሆኖ አይዘጋም፣ የፕላስቲክ ያዡንም ይሰነጥቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ መሰብሰቢያው ፕላስቲክ ማሰሪያ ደግሞ ከጭንቅላቱ ሥር ክፍተት ይተዋል፤ ሌላ ከሌለ ሁለት እንዲህ ያሉ ማሰሪያዎችን ጎን ለጎን፣ ጭንቅላታቸውን በተቃራኒ አዙሮ ማሰር ይሻላል። ከሁሉም የምመርጠው ከለስላሳና ጠበብ ካለ የሲሊኮን ቱቦ የተቆረጠ ቀጭን ቀለበት ነው፦ አስቀድሞ ቱቦው ላይ ይገባል፣ ከተገጠመ በኋላ ወደ መጋጠሚያው ይንሸራተታል። ርዝመቱ ከፈቀደ ግን በመጀመሪያ የደረቀውን ጫፍ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ይቀድማል። ሙጫ መቀባት አልመክርም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ መስመሩን ይደፍናል።

ፍተሻው ትዕግሥት ይጠይቃል። ፒቶው ላይ ሲሪንጅ ተገጥሞ ፍጥነት መለኪያው 100 እስኪያሳይ በጣም በዝግታ ይገፋል፣ ከዚያ ይያዛል። ጠቋሚው ለአንድ ደቂቃ ካልወረደ መስመሩ ደኅና ነው። በአፍ መንፋት ስሱን የመሣሪያ ሆድ ሊያበላሽ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ። ከወረደም ቱቦውን ከመሣሪያው ጀምሮ በየክፍሉ እየቆነጠጡ መሞከር ነው፤ ሲቆነጠጥ መውረዱን ካቆመ ቀዳዳው ከቆነጠጡት ቦታ ወዲያ፣ በፒቶው በኩል፣ ነው። ቀለበቱም በጥገና መዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ ቴክኒሻኑም ይየው፤ በክረምቱ ጥገና ቱቦው ሙሉ በሙሉ ሲቀየር የሚወጣው እሱ ነውና።