የእጅ ዋጋ

በእንጨት ሥራ ቤት ሁለት ሒሳብ አለ፤ የዕቃና የእጅ። ደንበኛው ጣውላውን ራሱ ገዝቶ ካመጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የእጅ ስንት?" እጁ ራሱ መጋዝ ውስጥ የገባ ዕለት ግን ሌላ ሒሳብ ይጀመራል። ያ ሒሳብ የሚሠራው በመቶኛ ነው።

ክብ መጋዝ ላይ አስጊዋ የመጨረሻዋ ስንዝር ናት። ጣውላው እያለቀ ሲሄድ የሚገፋው እጅ ወደ ጥርሱ ይጠጋል። መከለያና የእንጨት መግፊያ የተሠሩት ለዚህች ቅጽበት ነው። መከለያው ግን በየሥራ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ይታያል፤ መስመሩን ይጋርዳል፣ ሥራ ያጓትታል ተብሎ ተፈትቷል። ጥርሱ አንጓ ሲያገኝ ጣውላው ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ሲገፋ የነበረው እጅ ደግሞ በራሱ ጉልበት ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው "ጓንት መቼ አደረገ?" የሚል ወቀሳ ነው። በመሰርሰሪያና በቶርኖ ላይ ግን ጓንቱ ራሱ ጠላት ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት ጨርቁን ከያዘ ጣትን ይዞ ይሄዳል። ጓንት አድያለሁ ያለ አሠሪ መከለያውን ለምን እንዳስፈታ ገና አልመለሰም።

የተቆረጠ ጣት ሁልጊዜ የጠፋ ጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮማትሱና ታማይ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣት በማይክሮስኮፕ እየታገዙ መልሰው ሰፍተዋል። ለዚህ ዕድል ጣቱ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታሽጎ፣ ፌስታሉ በረዶ ላይ ተቀምጦ መድረስ አለበት። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ ከነካው ያበላሸዋል። ፕሬስ የጨፈለቀው ጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመስፋት አይሆንም።

ወጪው የማን ነው በሚለው ግን ሕጉ አይታማም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የመጀመሪያ ዕርዳታና ወደ ሕክምና ማድረስ፣ የሕክምናው ወጪ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካል፣ ሁሉም በእሱ ላይ ነው። ጉዳተኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። አሠሪው የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። ተራ መዘናጋት ከእነዚህ ውስጥ የለም። ችሎት ፊት የሚነሳው "በቸልተኝነቱ ነው" የሚለው መከራከሪያ ታዲያ በጓዳ በር መመሪያ ጣሰ የሚለውን ለማስገባት የሚደረግ ሙከራ ነው። መመሪያው መቼ፣ በምን ቋንቋ፣ በማን ተሰጠ የሚለው ጥያቄ እዚያው ይወለዳል።

ቁስሉ ሲደርቅ ሠራተኛው የሕክምና ቦርድ ፊት ይቀርባል። የእጅ ሐኪሞች አውራ ጣትን ከእጅ አገልግሎት 40 በመቶ ያህሉን ይሰጡታል፤ ያለ እሱ መዶሻ አይጨበጥም፣ ቁልፍ አይቆለፍም። ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል፤ መቶኛው በደመወዝ ይባዛል። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ ካሣው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው፤ ከፊል ጉዳት ከዚያ ላይ በመጠኑ ይሰላል። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው እንውሰድ። የዓመቱ 36,000፣ አምስት እጥፉ 180,000 ብር። ጉዳቱ 10 በመቶ ከተባለ የሚደርሰው 18,000 ብር ነው፤ የስድስት ወር ደመወዝ ማለት ነው፣ ለዕድሜ ልክ ጉድለት።

ማባዣው ደመወዝ ከሆነ የካሣው ነገር ከአደጋው በፊት፣ በቅጥሩ ቀን አልቋል። አዋጁ በወጣበት በዚያው 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ጡረታ የሚቆረጥለትም ቢሆን ስሌቱ ከደመወዙ አይላቀቅም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የማስረጃ ጣጣ ነው። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት። ውል ሳይፈርም በቀን ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ግን አንዳንዴ ሆስፒታል የሚመዘገበው "ቤት ውስጥ ወድቆ" ተብሎ ነው። አመጣጡን የሚናገረው አብሮት የመጣው ፎርማን ነውና። ችሎቱ የዳኝነት ክፍያ አይጠይቅም፤ የመጀመሪያ ደረጃው የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን እንዲወስንም ሕጉ ያዛል። ሆኖም ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ እጁ በፋሻ የታሰረ ሰው ወራቱን የሚቆጥረው በቀጠሮ ካርድ ነው።

የሆስፒታል ካርዱ ላይ የተጻፈው ያ የመጀመሪያ ቀን ቃል፣ ማለትም "ማሽን ነው" ወይም "ወድቆ ነው" የሚለው፣ በኋላ ጠበቃው መጀመሪያ የሚገልጠው ገጽ ይሆናል። አብሮት የሚሠራ ጓደኛ በስልኩ ያነሳው ፎቶም አለ፤ ደም የነካው ጠረጴዛ፣ የቆመው መጋዝ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ የተደገፈው መከለያ። በማግስቱ መከለያው ቦታው ላይ ታስሯል።