የማይሰበር ነገር ጥርስ ይሰብራል

ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ ከተማ፣ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ሆኜ ነው የምሠራው። አብዛኛው ሥራዬ ጥርስ ነው። ውሻው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አጥባለሁ፣ ራጅ አነሳለሁ፣ ሐኪሟ ስትነቅል ከጎኗ ቆሜ ዕቃ አቀብላለሁ። የሐበሻ ደንበኞቻችን ይህን ካወቁ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «የኔ ውሻ ያልበላው ነገር የለም፤ እባክህ የማይበላሽ ማኘኪያ ጠቁመኝ።»

የሚደውሉት የጀርመን ሼፐርድ፣ የሮትዋይለር፣ የፒትቡልና የካኔ ኮርሶ ባለቤቶች ናቸው። ሶፋው ተዘልዝሏል፣ የመኪናው ቀበቶ ተበጥሷል፣ ሰዉ ጫማውን ፍሪጅ ላይ ሰቅሎ ነው የሚያድረው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔም ቤት ቡቺ አለ፤ ስሙ የትንሽ ውሻ ይምሰል እንጂ 48 ኪሎ የሚመዝን የሮትዋይለር ድቅል ነው። የገዛሁለትን ለስላሳ አሻንጉሊት ሻይዬን ሳልጨርስ ጥጡን አውጥቶ ሳሎን ላይ ያነጥፈዋል።

መልሴ ግን ብዙ ጊዜ አያስደስታቸውም። የማይበላሽ ነገር አትፈልጉ ነው የምላቸው።

ምክንያቱን ለማየት የውሻ አፍ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ያደገ ውሻ 42 ጥርስ አለው። ከነዚህ ውስጥ ከላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ከዓይኑ ሥር የምትገኝ አንድ ትልቅ የጎን ጥርስ አለች። ከታችኛዋ መንጋጋ ጋር ስትገናኝ እንደ መቀስ ትቆርጣለች። ውሻ ጠንካራ ነገር ሲያገኝ በፊት ጥርሱ አይታገለውም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደዚያች ጥርስ ይገፋዋል። ኃይሉም ያለው እዚያ ነው። ጥርሷን የሸፈነው ነጭ ልባስ ግን ስስ ነው። የእኛ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲወፍር የውሻ አብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የሚያኝከው ነገር ከጥርሱ ከጠነከረ፣ የሚሸነፈው ጥርሱ ነው።

ጥርሷ ስትሰበር መሐል ለመሐል አትከፈልም። የውጪው ጎኗ ከጫፍ እስከ ድድ እንደ ቅርፊት ተፈንቅሎ ይወድቃል። የተፈነቀለው ቦታ መሐል ላይ ቀይ ነጥብ ከታየ ነርቩና የደም ሥሩ ተጋልጧል ማለት ነው። እየቆየ ሲሄድ ነጥቡ ይጠቁራል፣ ጥርሷ ትሞታለች፣ ተህዋሲያን በዚያው ቀዳዳ ወደ ሥሯ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ውሻው ከዓይኑ ሥር አብጦ ይገኛል። ባለቤቱ «ንብ ነድፎት ነው» ብሎ ይመጣል። ታሟል ስንለው ደግሞ አያምንም፤ «ይበላል እኮ!» ይላል። አዎ፣ ይበላል። በሌላኛው ጎን እያኘከ ይበላል። ውሻ ጥርሱን አሞት ምግብ የሚተወው ነገሩ በጣም ከከፋ በኋላ ነው። ያች ጥርስ ሦስት ሥር ስላላት ለመንቀል መጀመሪያ መከፋፈል አለባት፤ ሂሳቡም ባለቤቱን ወንበር ፈልጎ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ነው።

ምን ሲያኝክ ተሰበረ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። የአጋዘን ቀንድ፣ የከብት ሰኮና፣ የእግር አጥንት፣ ድንጋይ የመሰለ ናይለን፣ አንዳንዴም በረዶ። ከበረዶው በስተቀር ሁሉም በየሱቁ «ለኃይለኛ አኛኪ» ተብለው የሚሸጡ ናቸው። ቀንድ አያልቅም፣ አይሸትም፣ ምንጣፍ አያቆሽሽም፤ ለባለቤቱ ተስማሚ ነው። ከሂማላያ የሚመጣው የደረቀ የያክ አይብም እንደዚያው ነው፤ ከወተት መሠራቱ እውነት ነው፣ ጥንካሬው ግን የቀንድ ታናሽ ወንድም ያደርገዋል።

ስለዚህ የጥርስ ሐኪሞቹ የሚያስተምሩትን ፈተና ነው ለሰው የምነግረው። ዕቃውን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ተጫኑት፤ ትንሽ እንኳ ካልሰረጎደ ተዉት። ወይም በዚህ ዕቃ ጉልበቴን ብመታ ያመኛል ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚያማችሁ ከሆነ ለውሻው ጥርስም አይሆንም። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ጥፍር መጫን ያሳፍራል የሚል ካለ፣ ከጥርስ ማስነቀል ግን ይረክሳል።

ሌላኛው ወገን ደግሞ አለ። ለስላሳ የሆነው ጥርስ አይሰብርም፤ ግን ይቦጨቃል፣ ይዋጣል፣ አንጀት ይዘጋል። ትልቅ ውሻ የሚውጠው ቁራጭ መጠን ባለቤቱን ያስደነግጣል። እኔ ከአንድ ላብራዶር ሆድ የወጣ የካልሲ ጥንድ አይቻለሁ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ፣ እኔ ቤት እንኳ የማይገኝ ነገር ነው። የውሻ ማኘኪያ መምረጥ አስቸጋሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ጥርስ እንዳይሰብር የለሰለሰው ነገር ይዋጣል፣ እንዳይዋጥ የጠነከረው ጥርስ ይሰብራል።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ስትከርም በዚህ ጉዳይ አንስማማም። ዶሮ ወጥ በተሠራበት ቀን ሳህኑን ይዛ ወደ ጓሮ ስትሄድ ነው የደረስኩባት።

«እማዬ፣ እባክሽ አጥንቱን እንዳትሰጪው።»

«አንተ ልጅ፣ ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ሊበላ ነው? እኛ ቤት የነበረው ሻምበል አጥንት እየበላ አይደል እንዴ ያረጀው?»

ሻምበልን አስታውሰዋለሁ፤ ጎበዝ ውሻ ነበር። ነገር ግን ከሻምበል በፊትና በኋላ የነበሩት ውሾች «ታሞ ሞተ» ተብለው ከመቀበር በቀር ራጅ ያነሳቸው፣ ሆዳቸውን ያየ ሰው አልነበረም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ይሰነጠራል፤ ስንጣሪው ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዶሮ ወጡ ደግሞ ከአጥንቱም ይብሳል፤ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም፣ ቢደርቁም ያው ነው። የአንድ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ኪሎ እንደሆነ ለናቴ መንገር አላስፈለገኝም፤ ስትከትፈው ነው ያረፈደችው። ሳህኑን መለሰችው። እስከ ማታ ግን አላናገረችኝም።

በፋብሪካ ተዘጋጅቶ፣ ተጠብሶና ታሽጎ የሚሸጠው አጥንትም ከዚያ አይሻልም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ካለው አጥንት ጋር የተያያዙ 68 ያህል አቤቱታዎች እንደደረሱትና 15 ያህል ውሾች እንደሞቱ ገልጿል። ጥሬውስ? የሐበሻ ሥጋ ቤት ሄዶ ቅልጥም ማስቆረጥ ቀላል ነው። ነገር ግን ቅልጥም የከብቱን ክብደት የተሸከመ አጥንት ነው፤ እጅግ ይጠነክራል። በቀለበት ተቆርጦ ከተሰጠ ደግሞ ውሻው መቅኔውን ሲልስ ቀለበቱ ክራንቻውን አልፎ በታችኛው መንጋጋው ላይ ይጠልቃል። መግባቱን ይገባል፣ መውጣቱን አይወጣም። እኛ ጋ ሲመጡ አስተኝተን በመጋዝ ነው የምናወጣው።

ጥሬ ቆዳው፣ ማለትም ተጠቅልሎና ተቋጥሮ አጥንት አስመስለው የሚሸጡት፣ ለትንሽ ውሻ ያከራክር ይሆናል፤ ለትልቅና ለችኩል ውሻ ግን አልመክረውም። ሲርስ ይለሰልሳል፣ ቋጠሮው ይፈታል፣ ውሻው ሳያኝክ ይሰለቅጠዋል። ቡሊ ስቲክ የሚባለው ሌላ ነው። የደረቀ የበሬ ብልት ነው፤ ብዙ ፈረንጅ ሳያውቅ ነው የሚገዛው። ጥርስ አይሰብርም፣ ሆድ ውስጥም ይፈጫል። ግን ምግብ መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአንድ ኢንች ከ9 እስከ 22 ካሎሪ እንዳለው አሳይቷል። ከተመረመሩት 26 ዱላዎች በአንዳንዶቹ ላይ ሰውንም የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ ከሰጡ በኋላ እጅ መታጠብ፣ መጨረሻ ላይ የቀረችውን ጉማጅ ደግሞ ሳይውጣት መቀማት ነው። ለውሻ ማኘኪያ የሚሸጠው የአሳማ ጆሮ ብዙ የሐበሻ ቤት ስለማይገባ እዚህ ላይ ጾማችንም ሃይማኖታችንም ጠቅሞናል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚሁ ጆሮ ጋር በተያያዘ ሳልሞኔላ በ34 ግዛቶች 154 ሰዎች ታመዋል።

የቴኒስ ኳስ ለመወርወር እንጂ ለማኘክ አይደለም። ጸጉሩ አሸዋና አቧራ ይይዝና ጥርሱን ይሞርደዋል፤ ትልቅ ውሻ ደግሞ ጨፍልቆ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቅረው ይችላል።

ታዲያ ምን ቀረ? ጎማ። ለዚህ ደግሞ ኮሎራዶ የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆ ማርካም የሚባል ሰው ፍሪትዝ የተባለ ጀርመን ሼፐርድ ነበረው። ፍሪትዝ ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ይጨርስ ነበር። ማርካም የቮልስዋገን መኪናውን ሲጠግን ውሻው ድንጋዩን እንዲተው የመኪና ዕቃ ይወረውርለታል፤ ፍሪትዝ ከሁሉም መርጦ የያዘው ከመኪናው ሥር የወጣች የጎማ ቁራጭ ነበረች። ከዚያች ቁራጭ ኮንግ የሚባለው መጫወቻ ተወለደ፤ ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፣ ዋና ቢሮው ዛሬም ጎልደን ከተማ ነው። ከኛ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

ጎማ የሚሻለው ጥርስ ሲጫነው ሰርጉዶ ተመልሶ ስለሚነሳ ነው። ቀዩ ኮንግ ለተራ አኛኪ ነው፤ እንደ ቡቺ ላለው የሚያስፈልገው ጥቁሩ ነው። መጠኑን ግን ሰዎች ይሳሳታሉ። ከ27 እስከ 41 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የተሠራ አለ፤ ከ38 ኪሎ በላይ ላለው ደግሞ ከዚያ የሚተልቅ አለ። ውሻችሁ ሁለቱ መሐል ከወደቀ ትልቁን ግዙ። ዕቃው ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ ገብቶ ከኋላ መንጋጋው ማለፍ ከቻለ ለሱ ትንሽ ነው። ሌላው የምመለከተው ቀዳዳውን ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ኳስ ውስጥ ምላስ ሲገባ አየሩ ይሳብና ምላሱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ በዚህ ምክንያት ምላሳቸውን ያጡ ውሾች አሉ። ከሁለት ወገን ክፍት መሆን አለበት።

ጎናትስ የሚባል የጎማ ቀለበትም አለ፤ ከውጪ ጥቁር፣ ከውስጥ ቀይ ነው። ውሻው በልቶ ቀዩ ከታየ የመጣያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ይህን አሠራር የምወደው «አይበላሽም» ከማለት ይልቅ መበላሸቱን አምኖ ስለሚጀምር ነው። በአሜሪካ የውሻ መጫወቻ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱን የሚፈትሽ የፌደራል ደንብ የለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «የማይበጠስ» የሚል ቃል የጻፈው ሻጩ ራሱ ነው።

ጎማውን ባዶውን ብትሰጡት ውሻው ትቶት ወደ ሶፋው ይመለሳል። እኛ ቤት ማታ ማታ የቡቺን ደረቅ ምግብ በውሃ አርሰን፣ ከተቀቀለ ዱባ ጋር ለውሰን፣ እስከ አፉ ሞልተን ፍሪዘር ውስጥ እናሳድረዋለን። እናቴ ስትኖር በርበሬ ያልነካው ድርቆሽ በእርጎ ታርስለታለች፤ ከኔ የሷን ይመርጣል። ጠዋት ሥራ ስንሄድ የቀዘቀዘውን ይቀበልና እየላሰ እያኘከ ይቆያል። የለውዝ ቅቤ የምትጨምሩ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፤ ዛይሊቶል የሚባለው ጣፋጭ ካለበት በትንሹም ቢሆን የውሻን የደም ስኳር ጥሎ ሊገድለው ይችላል።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ «ይህ ሁሉ እዚህ የት ይገኛል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ከውጪ የሚገባው ውድ ነው። በምትኩ ግን አሮጌ የመኪና ጎማ ወይም ያለቀ በረባሶ ለውሻ አትወርውሩ፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ክርና የሽቦ መረብ አለበት። የገመድ ቋጠሮም እንዲሁ፤ ክሩ ተመዞ ከተዋጠ አንጀትን ሰብስቦ ይቆርጣል። ይልቅ ምግቡን በሳህን መስጠቱን ተዉና ግቢው ሣር ላይ በትኑለት፣ በአፍንጫው እየፈለገ ይልቀም። ወፍራም ካሮት ስጡት። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ውሻ በሩን ቢያኝክ አልፈርድበትም፤ ሌላ ምን ሥራ ሰጣችሁት? ጠዋት ግማሽ ሰዓት በእግር የሚወሰድ ውሻና የማይወሰድ ውሻ በሚያበላሹት ዕቃ ይለያያሉ።

የትኛውም ጎማ ቢሆን በየሳምንቱ ታጠፈ ወይ፣ ተሰነጠቀ ወይ፣ ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ወጣለት ወይ ብላችሁ እዩት። ከወጣለት ጣሉት፣ ስንት ዶላር እንደተገዛ አታስቡ። ቁራጩ ከጠፋ ደግሞ ውሻውን ተከታተሉ። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ምግብ ከተወ፣ ሰገራ ካቆመ፣ ሆዱን ሲነኩት ካጎነበሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። ለማስመለስ ብላችሁ ጨው በውሃ አትጋቱት፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል፣ ስለታም ቁራጭም ሲመለስ ያቆስላል። ወደ ሐኪም ስትመጡ የተረፈውን ማኘኪያ ይዛችሁ ኑ። ጎማና ጨርቅ በራጅ ላይ ሁልጊዜ አይታዩም፤ ምን ያህል እንደጎደለ ካየን ግን ምን ያህሉን እንደምንፈልግ እናውቃለን።