ድረ ገጽ ለምን ይዘገያል?

በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ ፍላቂት ያለ ተማሪ ስለ ላሊበላ የሚያትት ድረ ገጽ በስልኩ ከፈተ እንበል። ገጹ 1,000 ፊደላትና አንድ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ ይዟል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ጽሑፉ 3,000 ባይት ብቻ ነው። ፎቶግራፉ 3 ሜጋባይት ከሆነ ግን የ1,000,000 ፊደላትን ያህል ይከብዳል። በሴኮንድ 200 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ መስመር ጽሑፉ ከ1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ፣ ፎቶግራፉ ግን በ2 ደቂቃ ይደርሳል።

ምስሉን በገጹ ላይ አሳንሶ ማሳየት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሙሉው ፋይል መውረዱ አይቀርምና። ፋይሉ ራሱ አስቀድሞ ተቀንሶና ታምቆ 100 ኪሎባይት ቢሆን በ4 ሴኮንድ ይደርሳል። የጃቫስክሪፕት ፋይሎችም ጽሑፉ ከታየ በኋላ እንዲሠሩ ቢደረግ አንባቢው ባዶ ገጽ አይጠብቅም። ኢንተርኔት በሜጋባይት ለሚገዛ ተማሪ ይህ ጊዜን ብቻ ሳይሆን ገንዘብንም መቆጠብ ነው።