የከብት ነቀርሳን ባክቴሪያ በትራንስፖዞን መመርመር

ትራንስፖዞን በዲኤንኤ ላይ ካለበት ተነቅሎ ሌላ ቦታ መሰካት የሚችል የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባደረጉት ምርምር ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ1983 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቁራጩ አንድ ዘረመል መሐል ከገባ ያ ዘረመል ሥራውን ያቆማል። የባክቴሪያ ተመራማሪዎች ዘዴም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ ዘረመሉን ማሰናከል፣ ከዚያም ባክቴሪያው ምን እንደሚያቅተው መከታተል።

ለነቀርሳ ባክቴሪያ በብዛት የሚመረጠው ሂማር1 የተባለ ትራንስፖዞን መጀመሪያ የተገኘው የከብት ደም ከሚመጥ ዝንብ ነው። የሚሰካው ቲ እና ኤ የተባሉት የዲኤንኤ ሆሄያት ተከታትለው በሚገኙበት ስፍራ ብቻ ሲሆን፣ የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ስፍራ ከ70,000 በላይ አለው። ቁራጩን ተሸክሞ የሚያስገባው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ በ37 ዲግሪ ሙቀት እንዳይራባ ተደርጎ ስለተዘጋጀ ጭነቱን ያደርሳል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም። አብሮ ካናማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለመቋቋም የሚያስችል ዘረመል ስለሚገባ፣ መድኃኒቱ ባለበት ምግብ ላይ የሚያድጉት ትራንስፖዞኑ የተሰካባቸው ብቻ ናቸው። በዚህ መንገድ እያንዳንዳቸው በተለያየ ቦታ የተሰናከሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይሰበሰባሉ። ስብስቡ ለምሳሌ ጥጃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ዲኤንኤው ይነበባል። በፊት ኖረው ኋላ የጠፉ ካሉ፣ የተሰናከለባቸው ዘረመል ከብት ውስጥ ለመኖር ያስፈልጋል ማለት ነው። ንባቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ አጭር ዘረመል በአጋጣሚ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፣ ሥራውን የሚሸፍንለት ሌላ ያለው ደግሞ አላስፈላጊ ይመስላል።

ባክቴሪያው ቢያጣው የማይጎዳበትን ዘረመል ማወቅም ለክትባት ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት 30 በመቶ ያህሉ ላይ የነቀርሳ ምልክት አግኝቷል። እየመረመሩ ማረድ ሁለት ሦስት የፈረንጅ ላም ይዞ ወተት ለሚሸጥ አርቢ ኑሮውን ማፍረስ ነው፤ ክትባት ይሻላል። የሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናትም፣ ከተዳከመ የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚሠራው ቢሲጂ የተባለ ክትባት የበሽታውን መተላለፍ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ችግሩ የተከተበች ላም በቱበርኩሊን የቆዳ ምርመራ (የባክቴሪያው ፕሮቲኖች ቆዳ ውስጥ ተወግተው እብጠት በሚታይበት) የታመመች መስላ መታየቷ ነው።

በእንግሊዝ የሱሬይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢሲጂ ያለ እነርሱ መኖር የሚችልባቸውን፣ ሆኖም የቆዳ ምርመራው የሚያስተውላቸውን ፕሮቲኖች የሚሠሩ ዘረመሎች በትራንስፖዞን ለይተው ከክትባቱ አወጧቸው። ምርመራው በእነዚያው ፕሮቲኖች ሲደረግ የተከተበው እንስሳ ቆዳ አያብጥም፣ የታመመው ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ይህ ሥራ የተፈተነው በጊኒ ፒግ ላይ ሲሆን፣ አዲሱ ክትባት ከመደበኛው ቢሲጂ ጋር የሚቀራረብ መከላከያ ሰጥቷል።