ያውቁ ኖሯል? ኢንሱሊን በሰመራ ሐሩር
ደጋው በክረምት ሲበርደው ሰመራ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ፍሪጅ የሌላቸው፣ ካላቸውም መብራት የሚጠፋባቸው የአዋሽና የሰመራ አረጋውያን ምን ያድርጉ?

ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የኬንያውን ዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ ሙቀት መነሻ አድርገው በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ለ4 ሳምንታት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን አላጣም። ከዚያ በላይ ለሚሞቅ ቤት ሸክላ ይረዳል፦ ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ይሙሉ፤ ውሃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልለው ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡት። በረዶ ላይ ግን አያስቀምጡት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም፣ ይጣላል።