በባዕድ ቋንቋ አፍ መፍታት፤ የጋይንት ታዳጊዎችና የእንግሊዝኛ ክፍል

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በንፋስ መውጫ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች፣ ታዳጊ ልጅ በቤቱ የማይነገር ቋንቋ የሚማርባቸው ሁለት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንደኛው እንግሊዝኛን የሚያስተምረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን ሁለተኛው ግእዝን የሚያስተምረው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት ነው። በአንደኛው የሚማረው ልጅ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ቋንቋውን ሲማር ቆይቶም በ8ኛ ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ ለመናገር ይሸማቀቃል፤ በሁለተኛው ያለው እኩያው ግን ማንም በማይገበያይበት፣ እናትም ልጇን በማትቆጣበት ቋንቋ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቋጥሮ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። ሁለቱ ልጆች የአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም የአንድ እናት ልጆች በመሆናቸው ልዩነቱን በተፈጥሮ ችሎታ ማሳበብ አይቻልም፤ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት ልጁ ስሕተቱን ማን ፊት፣ መቼና በምን ሁኔታ እንዲሠራ እንደሚደረግ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የያዘው ቦታ በአንድ ጊዜ የተወሰነ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ የበላይነቱን ያገኘው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ግን ለእንግሊዝኛ ተተወ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። በአማራ ክልል ግን ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ ይህም ማለት የቋንቋው ሸክም የሚከብደው ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሆነው፣ ድምፁ በሚጎረንንበትና ሰው ሁሉ የሚያየው በሚመስለው በዚያው ዕድሜ ነው።

ይህን ስሜት ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 «ምናባዊ ተመልካች» በሚል ሐሳብ ገልጾታል፤ ታዳጊው ራሱ ስለ ራሱ የሚያስበውን ያህል ሌሎችም ስለ እርሱ የሚያስቡ ስለሚመስለው፣ ማንም ልብ ያላለው ጉድለቱ በሕዝብ ፊት የተጋለጠ ሆኖ ይሰማዋል። ይሉኝታ ከልጅነት ጀምሮ በሚሰረጽበት በጋይንት ኅብረተሰብ ይህ የዕድሜ ባሕርይ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ኢሌይን ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የባዕድ ቋንቋ ክፍል የራሱ የሆነ ጭንቀት እንዳለው ሲያሳዩ ያነሡት ዋና ምክንያትም ከዚህ የራቀ አልነበረም፦ በሒሳብ የተሳሳተ ተማሪ የተሳሳተው ስሌቱን ሲሆን፣ በባዕድ ቋንቋ የተሳሳተ ተማሪ ግን በራሱ ቋንቋ ብልህና ተጫዋች የሆነው ሰው በድንገት እንደ ሕፃን ሲንተባተብ ስለሚሰማ፣ የተነካው ማንነቱ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚታየው ጠባይ በዚህ መንገድ ሲነበብ ትርጉም ያገኛል። መምህሩ «ገባችሁ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዬስ!» ይላል፤ በኅብረት የተሰጠ መልስ ማንንም ለይቶ አያጋልጥምና። ጥያቄው ለአንድ ልጅ ሲሆን ግን ልጁ ይነሣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ደብተሩን ያገላብጣል፣ ከጎኑ ያለው ልጅ በሹክሹክታ የነገረውን ቃል ደግሞ ይቀመጣል። ደፍሮ ረዘም ያለ ነገር የተናገረውም ከሽልማት ይልቅ ሳቅ ያጋጥመዋል፤ ቃሉን አጣሞ ከጠራ ያልቻለ ይባላል፣ አስተካክሎ ከጠራም ፈረንጅ ለመምሰል የሚሞክር ተብሎ ይቀለድበታል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ገልብጦ ለማሰካካት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ይህን ጊዜ ግን የክፍሉ ሥርዓት አይሰጠውም። ስለዚህ ሽምደዳ ይመረጣል። «ፎቶሲንተሲስ ኢዝ ዘ ፕሮሰስ ባይ ዊች ግሪን ፕላንትስ…» እያለ ትርጓሜውን ሳያደናቅፍ የሚወርድ ልጅ፣ ጠዋት ያለፈበት የገብስ ማሳ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ ስንፍና እየተባለ የሚወቀሰው ይህ ዝምታ በእርግጥ ራስን የመጠበቂያ ዘዴ ነው፤ ልጁ ካሉት ምርጫዎች መካከል ክብሩን በትንሹ የሚጎዳውን መርጧል።

ልጁ ቋንቋ የሚማርበት ዕድሜ አልፏል የሚለው ምክንያትም አያዋጣም። ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሁፍናግል-ሁሌ በኔዘርላንድ ደች በመማር ላይ የነበሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን በዕድሜ ከፍለው ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት ፈጣን ለውጥ ካሳዩት መካከል ከ12 እስከ 15 ዓመት የነበሩት ታዳጊዎች ግንባር ቀደም ነበሩ፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የነበሩት ሕፃናት ደግሞ ኋላ ቀርተዋል። ታዳጊው ሕግን ከምሳሌ ማውጣት፣ ቋንቋን ከቋንቋ ማነጻጸርና ማስታወስ ይችላል። የሚጎድለው የመማር ኃይል ሳይሆን ስሕተቱን የሚለማመድበት ከለላ ነው።

ጉባኤ ቤቱ ይህን ከለላ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም የምትገኝበት ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥር የሰደደበት አገር ነው፤ የቅኔ ተማሪም ሥርዓቱን በሚገባ ያውቃል። መምህሩ ግሥ ያስገስሳል፣ አገባብ ያስተምራል፣ ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ከዚህ በኋላ ከዛፍ ጥላ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ማንም ሳይሰማው ቃላቱን እየለዋወጠ፣ እያፈረሰና እየሠራ የራሱን ቤት ይመታል። ጀማሪው የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰው በየደረጃው ነው። የቋጠረውን መጀመሪያ የሚያደምጠው ከእርሱ ጥቂት የቀደመ ተማሪ ወይም አስነጋሪው ሲሆን፣ እርሱም ያላማረውን ያስተካክልለታል፤ መምህሩ ፊት የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ስሕተት የትምህርቱ የዘወትር ሥራ እንጂ ነውር አይደለም፤ መሸምደድም ብቻውን አያድንም፣ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና። ልጁ ከዘመዶቹ ርቆ፣ እንደ እርሱ ቁራሽ ለምነው ከሚማሩ ባልንጀሮች ጋር መኖሩም ከሚያውቁት ሰዎች ዓይን ያሳርፈዋል።

ሥርዓቱን ከነሙሉ ገጽታው ማመስገን ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። ረሃቡ፣ የውሻ ንክሻው፣ አለንጋው፣ መንገድ ላይ የሚቀሩት ብዙዎች፣ ከሁሉም በላይ ሴት ልጅ በቅኔ ጉባኤው ብዙም ቦታ ያልነበራት መሆኑ ሊሸፈን አይገባም። ሊወረስ የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፦ በመጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ለእኩያ፣ በመጨረሻ ለጉባኤ። ይህ ቅደም ተከተል 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍልም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ደቂቃ የዝምታ ማሰቢያ ጊዜ፣ ከዚያም ከጎን ካለው ልጅ ጋር በሹክሹክታ መለማመድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጅ ማውጣት ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያከብደው ግን እንግሊዝኛ ብቻውን አለመቆሙ ነው። ካናዳዊው ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ልዩነት መሠረት የዕለት መግባቢያ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቋንቋው በሚነገርበት አካባቢ እንኳ ሁለት ዓመት ገደማ ሲፈጅ፣ መተንተንና ማስረዳት የሚቻልበት ሁለተኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይጠይቃል። የንፋስ መውጫ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳያገኝ ሁለተኛውን ይጠየቃል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» የሚለው፣ ይህን አጉልቶ አሳይቶ ነበር፤ ስክሪኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቅ፣ ማንም ባይመልስም «ጥሩ» ብሎ ያልፍ ነበር። በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ካትሊን ሂውና ባልደረቦቿ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ዘገባ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ምክንያት አለው፤ ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ግን ከምክንያቶቹ መካከል ሳይነሣ መቅረቱ አግባብ አይደለም።

ለዚህ የቋንቋ ጥያቄ የጃፓን ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ የኢትዮጵያ ምሁራን ያችን አገር የሥልጣኔ አርአያ አድርገው ይመለከቷት ነበር። ጃፓንም በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛ ትምህርቷን በእንግሊዝኛና በሌሎች የውጭ ቋንቋዎች በሚያስተምሩ የባዕድ መምህራን ጀምራ፣ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ዕውቀቱን ወደ ጃፓንኛ አዛውራዋለች። የዛሬው የጃፓን ታዳጊም በእንግሊዝኛ ክፍል ዓይን አፋርና ዝምተኛ ነው እየተባለ ይታማል፤ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ወጣት የውጭ አገር ረዳት መምህራንን በብዛት ሲያስመጣ ኖሯል። ሆኖም የዚያ ልጅ እፍረት ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም፤ ደወሉ ሲደወል ወደ ፊዚክስ ክፍል ገብቶ በገዛ ቋንቋው ይከራከራል። የጋይንቱ ልጅ ግን ያው እፍረት እስከ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ድረስ ይከተለዋል።

ሸክሙ የሚብስባቸውም አሉ። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው፣ ሽሮና ድርቆሽ ስንቅ ይዘው የሚማሩት ልጆች ከእንግሊዝኛው በፊት የአማርኛ አነጋገራቸው ይሣቅበታል። ሴቶቹ ደግሞ የቤት ሥራና የጋብቻ ግፊት ሳያንሳቸው፣ በወንዶች ፊት ድምፅ ማሰማት እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት አስተዳደግ ተጨምሮባቸው፣ ስማቸው ካልተጠራ አይናገሩም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጋው ትምህርት፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ የደረሰው ጦርነትና ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት ደግሞ ሌላ ጣጣ ጨምረዋል፤ ተመልሶ የሚመጣው ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚበልጥ፣ ጢም ያቀመቀመ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ከታናናሾቹ ፊት መሳሳትም ለእርሱ የበለጠ ይከብደዋል።

ይህን ሁሉ የሚያይ መምህር አይጠፋም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው በዚያው ወንበር ተቀምጠው አንገታቸውን የደፉ ናቸው። ግን የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ወረቀት ነው፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ስለመናገሩ አይጠይቅም። ሁለቱን ደቂቃ ለዝምታ፣ ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ለሹክሹክታ ልምምድ የሰጠ መምህር ጊዜውን የሚቆርሰው ተማሪዎቹና እርሱ ከሚመዘኑበት የምዕራፍ ሽፋን ላይ ነው፤ ለንግግር ችሎታ ጥቂት ማርክ እንኳ በክልሉ ፈተና ውስጥ እስካልተያዘለት ድረስ ለተማሪዎቹ የሚከፍለውን ዋጋ ብቻውን ይሸከማል።