የእናቲቱ ስደት በማኅሌት

ጽጌ ሲገባ አንድ ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፋችሁን ተዉና ማኅሌት ቁሙ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የምትሰሙት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ታሪኩን ያወቀ ጆሮ ሌላ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ይባላሉ። ምድሩ በአደይ አበባ በተሸፈነበት በዚህ ወቅት የሚዘመረው የስደት ታሪክ ነው፤ ሄሮድስ ሊገድለው የፈለገውን ሕፃን ታቅፋ ወደ ግብፅ የሸሸችው የእመቤታችን መከራ። ዋናው ድርሰት ማኅሌተ ጽጌ ነው። ደራሲው አባ ጽጌ ድንግል መነኩሴ ናቸው፤ በትውፊት ከቤተ እስራኤል ወገን ተወልደው ወደ ክርስትና እንደመጡ ይነገራል። ኢሳይያስ ከእሴይ ግንድ ይወጣል ያለውን በትርና አበባ ይዘው እናቲቱን በበትሩ፣ ልጇን በአበባው መሰሉ። ስለ አበባ ውበትና መዓዛ በተነሣ ቁጥር እንግዲህ ወሬው የእናትና የልጅ ነው። ረሃቡንና ጥማቱን፣ የበረሃውን መንገድ የሚያለቅሰው ደግሞ ሰቆቃወ ድንግል ነው።

አሁን ወደ ዜማው። መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከበሮ የለም፣ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣና መቋሚያው ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል። በመረግድ ከበሮው ይገባል፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል፤ በጽፋት ጭብጨባው አብሮት ይሮጣል። ግራና ቀኝ የቆሙት እየተቀባበሉ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት።

ከበሮውን ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍር በጌታ ገላ ላይ የወጣው የግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ይላሉ መምህራኑ። እናቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ያስመለጠችው ልጅ ኋላ እንደሚገረፍ መሣሪያው ራሱ ይናገራል ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ የዘማሪዎቹ ነገር ነው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጉያ ወጥተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በለመኑት ቁራሽ የተማሩ ናቸው። ለአገልግሎት ብለው እናታቸውን የተለዩ ልጆች፣ በእናቲቱ ስም የበሉ፣ አድገው የእሷን ስደት ይዘምራሉ። ዜማው ከደረት የሚወጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ወቅቱ የሚዘጋው ኅዳር 6፣ እናትና ልጅ በስደታቸው ግብፅ ውስጥ ባረፉባት በቁስቋም በዓል ነው። ጎንደር ያለችውን ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱም የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም ቀድመዋቸው ሞቱ፤ እቴጌይቱ የመጨረሻ ዘመናቸውን እዚያው በቁስቋም አሳለፉ። በዓሉን እዚያ ማክበር የቻለ ታድሏል። ያልቻለ በሰፈሩ ደብር ይቁም፤ ሰቆቃው ሳይደርስ ግቡ፣ ጋቢም ደርቡ፣ የጥቅምት ሌሊት ብርዱ አይቻልም።